ገበያ የሚለው ቃል በልዩ ልዩ ቋንቋ

ስም ለነገር እንደ ልብስ ነው። ልብስ ያረጃል፥ ይጠባል፥ ይሰፋል፤ አንዳንድ ጊዜም የመጀመሪያው ባለቤት አልፎ ልብሱ ለሌላ ሰው ይተርፋል። ቃልም ከዘመን ወደ ዘመን፥ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር እንዲሁ ይሆናል። ፊደሉ ሳይለወጥ ምሥጢሩ ይለወጣል፤ ወይም ምሥጢሩ ሳይለወጥ ፊደሉ ይለወጣል። ይህን ያልመረመረ ተርጓሚ የአንዱን ልብስ ለሌላው አልብሶ ሰውየው ያው ነው ብሎ ያልፋል። አድማጩ ግን በልብሱ ያወቀውን ሰው ሲጠብቅ ሌላ ሰው ይመጣበታል።

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ በጉለሌ፥ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ወደ ጎጃም በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለው ሰፈር አዲሱ ገበያ ይባላል። ስሙ ሁለት ቃል ነው። ፊተኛው ቃል «አዲሱ» የሚለው፥ ሰፈሩ ስሙን ባገኘ ጊዜ ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ገበያ እንደ ነበረ ያስረዳል። ዛሬ ግን በዚያ ሰፈር ተወልደው ያረጁ ሰዎች ስላሉ አዲስነቱ በስሙ ብቻ ቀርቷል። ሁለተኛው ቃል «ገበያ» የሚለው፥ ከሁሉ የታወቀና ያረጀ ቃል ሳለ፥ በየዘመኑ አዲስ ትርጓሜ እየተጨመረበት ሄዷል። እንግዲህ ነገሩ ተገለበጠ፤ አዲሱ የተባለው አረጀ፥ ገበያ የተባለው ደግሞ አዲስ ሆነ።

ይህም የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ገበያ ማለት ምን እንደ ሆነ አሳምራ ታውቃለች፤ ከጎረቤቶቿ ጋራ የምትቀመጥበት፥ ደንበኛዋ የሚመጣበት፥ ፀሐይና ዝናም የሚፈራረቁበት ስፍራ ነው። በራዲዮ ግን «ዋጋውን ገበያው ይወስናል» የሚል ቃል ትሰማለች። በተቀመጠችበት ገበያ እንዲህ ያለ ነገር ሲወሰን አላየችም፤ ከጎረቤቶቿም የወሰነ የለም። ታዲያ የወሰነው የትኛው ገበያ ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የዚህን ቃል መንገድ ከሩቅ ጀምሮ መከተል ይገባል፤ በራዲዮ የሚሰማው ገበያ ከእንግሊዞች «ማርኬት» የተተረጐመ ነውና።

«ማርኬት» የተባለው ቃል የተወለደው በእንግሊዝ አገር አይደለም። ሥሩ ሮማይስጥ ነው። በሮማይስጥ የሚሸጥ ዕቃ «ሜርክስ»፥ መነገድ «መርካሪ»፥ ንግዱና የንግዱ ስፍራ «መርካቱስ» ይባላል። ከዚህ ከአንዱ ግንድ የኢጣልያኖች መርካቶ፥ የእስፓንያዎች መርካዶ፥ የፈረንሳዮች ማርሼ፥ የጀርመኖች ማርክት ወጥተዋል። ለእንግሊዞችም በሰሜን ፈረንሳይ ሰዎች ንግግር በኩል እንደ ደረሳቸው የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። እንግዲህ የዚህ ቤተ ሰብ አባት ዕቃ ነው። ሮማዊው ገበያን ሲጠራ በመጀመሪያ ያየው በስፍራው የሚዘረጋውን ሸቀጥ ነበር።

እንግሊዞች ይህን ቃል ሳይቀበሉ ለንግድና ለገበያ የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ እርሱም ዛሬ «ቺፕ» የሚባለው ነው። በለንደን ከተማ ቺፕሳይድ የሚባለው ጎዳና የድሮ ገበያ ስፍራ ነበርና ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ዋጋው የተመቸውን ዕቃ ሲያመሰግኑ «ጥሩ ቺፕ» ይሉ ነበር፤ ጥሩ ገበያ ማለት ነው። ማርኬት የሚለው እንግዳ መጥቶ ስፍራውን ሲይዝ የአገሩ ቃል ከማዕርጉ ወረደ። «ጥሩ» የሚለው ቅጽልም ቀረና ቺፕ ብቻውን ርካሽ ማለት ሆነ። ቀድሞ ገበያን ይጠራ የነበረ ቃል ዛሬ የገበያውን ርካሽ ዕቃ ብቻ ይጠራል። እንግዳው ወንበሩን ሲወስድ ባለቤቱ በበር እንደ ቆመ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ኒውማርኬት የምትባል በፈረስ እሽቅድምድም የታወቀች ከተማ አለች፤ በአማርኛ ሲተረጐም አዲስ ገበያ ማለት ነው። በጀርመን አገር ኖይማርክት፥ በፖላንድ አገርም ኖቪ ታርግ የሚባሉ ከተሞች አሉ፤ ትርጓሜያቸው ያው አዲስ ገበያ ነው። እነዚህ ሁሉ ስማቸውን ካገኙ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገር ግን ዛሬም አዲስ ይባላሉ። የጉለሌው አዲሱ ገበያ በዓለም ላይ የስም ወንድሞች እንዳሉት ከዚህ ይታወቃል።

በጽርዕ ቋንቋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጽርዓውያን ገበያን «አጎራ» ይሉታል። ይህ ቃል የመጣው መሰብሰብ ከሚለው ግሥ ነውና አባቱ ዕቃ ሳይሆን ጉባኤ ነው። ሮማዊው በገበያ ሸቀጡን ሲያይ ጽርዓዊው ሰውን አየ። ከዚሁ ከአጎራ በአደባባይ መናገር የሚል ግሥ ወጣ፤ መግዛት የሚል ግሥም ወጣ። በአቴና አጎራ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ነገር ግን ፈላስፋ ከደቀ መዝሙሩ ጋራ የሚከራከረው፥ የከተማው ሹማምንት የሚሠሩት፥ ወሬ የሚሰማውም በዚያው ነበር።

መጽሐፈ ሐዲስ በጽርዕ ሲጻፍ ይህ ቃል በብዙ ስፍራ ገብቷል። ልጆች ተቀምጠው ባልንጀሮቻቸውን የሚጠሩት በአጎራ ነው፤ ሥራ ያጡ ሠራተኞች ቀጣሪ ሲጠብቁ የቆሙት በአጎራ ነው፤ በሽተኞች ተኝተው ጌታ ሲያልፍ የጠበቁት በአጎራ ነው፤ በፊልጵስዩስ ጳውሎስንና ሲላስን ይዘው ወደ ሹማምንት የጐተቷቸው ወደ አጎራ ነው፤ በአቴና ጳውሎስ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋራ የተነጋገረው በአጎራ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በአንዱ ስንኳ ዋነኛው ነገር መሸጥና መግዛት አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1611 ዓመት መጽሐፉን የተረጐሙት እንግሊዞች ይህን አንዱን ቃል በአንድ ቃል መግለጥ አልሆነላቸውም። ጳውሎስ በተከራከረበት «ገበያ» አሉ፤ በሽተኞቹ በተኙበት ደግሞ «መንገድ» አሉ። በኤፌሶን ከተማ ስለ ፍርድ ቀን የተነገረውን፥ ከአጎራ የወጣውን ቃል፥ «ሕግ» ብለው ተረጐሙት። በተሰሎንቄ ሁከት ያስነሡትን የአጎራ ሰዎች ደግሞ «ወራዶች» ብለው ጠሯቸው። የአንድ ቃል ዘሮች ገበያ፥ መንገድ፥ ሕግና ወራዳ ሆኑ። ይህም ተርጓሚዎቹን የሚያስነቅፍ አይደለም፤ የእንግሊዞቹ ማርኬት የአጎራን ያህል ሰፊ አለመሆኑን የሚያስረዳ ነው።

ጽርዓውያን ሁለተኛ ቃል አላቸው፤ እርሱም «ኤምፖርዮን» ነው። ይህ ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዶች የሚገናኙበት ወደብ ወይም ከተማ ነው። ጌታ በመቅደስ የሚሸጡትን ባስወጣ ጊዜ የአባቱን ቤት እንዳያደርጉት የከለከለው ይህን ነው። ይህም ቃል ለኢትዮጵያ ታሪክ ቅርብ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ልደት ስሙ ያልታወቀ አንድ ነጋዴ የኤርትራን ባሕር ጉዞ በጽርዕ ሲጽፍ አዱሊስን «ኤምፖርዮን» ብሎ ጠራት፤ በዚያ አገር ስለ ነገሠው ስለ ዞስካሌስም የጽርዕን ጽሕፈት የሚያውቅ እንደ ነበረ መሰከረ። ጸሐፊው ኤምፖርዮን ብሎ ብቻ አልተወም፤ «በሕግ የሆነ» የሚል ቅጽል ጨመረበት። ይህን ቅጽል የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች እስካሁን አልተስማሙበትም። በ1912 ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር የተረጐመው ሾፍ በሕግ የተቋቋመ ወደብ አለው፤ በ1989 የተረጐመው ካሰን ደግሞ በሕግ የተወሰነ የንግድ ወደብ አለው። አንዱ ሕግ ያቆመው ገበያ ነው ሲል፥ ሌላው ሕግ ያጠረው ገበያ ነው አለ። በአንድ ቅጽል ምክንያት የአዱሊስ ንጉሥ ወይ የገበያ መሥራች ወይ የገበያ ጠባቂ ይሆናል። የቃል ትርጓሜ የታሪክን መልክ እንደሚለውጥ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ኤምፖርዮን የመጣው መንገደኛ ከሚል ቃል ነው፤ በጽርዕ መንገደኛና ነጋዴ በአንድ ስም ይጠራሉ። የግዕዝን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። በግዕዝም «ነገደ» ማለት ተጓዘ ማለት ነው፥ ነገደ ማለት ሸጠ ለወጠ ማለት ነው፤ «ነጋዲ» መንገደኛም ነጋዴም ነው። እንግዳ የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ጽርዓዊውና ኢትዮጵያዊው ሳይማከሩ ወደ አንድ አሳብ ደረሱ፤ ነጋዴ አስቀድሞ ከቤቱ የወጣ እንግዳ ነው፤ ስለዚህም በደረሰበት አገር መከበርና መጠበቅ ይገባዋል።

ለገበያ የግዕዙ ስም «ምሥያጥ» ነው። ሤጠ ማለት ሸጠ፥ ተሣየጠ ማለት ገዛ፥ ሤጥ ማለት ዋጋ፥ ሠያጢ ማለት ነጋዴ ነውና ምሥያጥ ማለት መሸጫ መግዣ ስፍራ ነው። በአማርኛ ሸጠ፥ ሻጭ፥ ሽያጭ የምንለው ሁሉ ከዚሁ ሥር ነው። ግዕዙ ሌላም ስም አለው፤ «መርሕብ» ይባላል። ርሕበ ማለት ሰፋ ማለት ነውና መርሕብ ሰፊ ስፍራ፥ አደባባይ ነው። እንግዲህ አጎራ ለሚለው ለአንዱ የጽርዕ ቃል በግዕዝ ሁለት በር አለው፤ ሽያጩን ለሚያይ ምሥያጥ፥ አደባባዩን ለሚያይ መርሕብ። ደግሞ ልዩነታቸውን እንመልከት። ጽርዑ ከመሰብሰብ ተነሥቶ ወደ መግዛት ደረሰ፤ ግዕዙ ከመግዛት ተነሥቶ ወደ መሰብሰቢያው ስፍራ ደረሰ። መንገዱ የተለያየ ነው፤ የተገናኙበት ግን አንድ ገበያ ነው።

አማርኛ ደግሞ በዚህ ነገር የራሱ ሀብት አለው። ሐዋርያው ምእመናን በዋጋ እንደ ተገዙ ሲናገር የተጠቀመበት የጽርዕ ግሥ ከአጎራ የወጣው ነው። እንግሊዝኛው ሲተረጐም የግዢ ትርጓሜ ብቻ አለው። በአማርኛ ግን «ገዛ» ማለት በገንዘብ ገዛ፥ በሥልጣንም ገዛ ማለት ነው፤ «ተገዛ» ማለትም ዋጋ ተከፈለበት፥ ለጌታውም ታዘዘ ማለት ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ኅብር ይለዋል። አንዱ ቃል ሁለቱን ምሥጢር ያለ ጭንቀት ይሸከማል፤ የተገዛ ለገዛው ይገዛልና። ትርጓሜ ሁል ጊዜ ኪሣራ ብቻ እንዳልሆነ፥ አንዳንድ ጊዜም ትርፍ እንደሚያመጣ ይህ ያስረዳል።

በኢትዮጵያ ሕዝብ አፍ ግን ከምሥያጥ ይልቅ ገበያ ጸንቷል። በኦሮምኛም «ገባ» ይባላል፥ መጨረሻው ፊደል ረዘም ብሎ፤ ሁለቱ ቃላት በድምፅ ወንድማማች ናቸው። በትግርኛ ዕዳጋ ይባላል። በሐረሪዎች ቋንቋ መጋላ ይባላል፤ ግድር መጋላ ማለት ትልቁ ገበያ ማለት ነው። ይኸው ቃል በኦሮምኛና በሶማልኛ ከተማ ማለት ሆኗል። ገበያ በቆመበት ቤት ይሠራል፥ ቤት በበዛበትም ከተማ ይሆናልና፥ ቃሉ የከተማን አወላለድ በራሱ ይናገራል።

ገበያዎቹም ስማቸውን ከዕለቱ ይወስዳሉ። በጎጃም ረቡዕ ገበያ፥ በጋይንት ዓርብ ገበያ፥ በደራ ሐሙሲት፥ በትግራይ ዕዳጋ ሐሙስ የሚባሉ ከተሞች አሉ። በሌላ አገር ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ዕለቱ ስሙን ከገበያ ይወስዳል። ቱርኮች ከፋርስ በተገኘ ቃል ገበያን «ፓዛር» ይሉታል፤ ዕለተ እሑድንም በዚያው ስም ይጠራሉ። መጃሮችም ከዚሁ የፋርስ ሥር በመጣ ቃል እሑድን የገበያ ቀን ይሉታል። እንግሊዞች ደግሞ በዓመት የሚቆመውን ታላቅ ገበያ «ፌር» ሲሉት ቃሉ በዓል ከሚል የሮማይስጥ ስም የወጣ ነው፤ ሕዝብ ለበዓል ሲሰበሰብ ነጋዴ ተከትሎ ስለ መጣ በዓሉ ገበያ ሆነ። በየንግሡ በዓል በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጧፍና ዕጣን፥ ዳቦና ሸማ የሚሸጠውን ያየ ሰው ይህ እንዴት እንደ ሆነ አይጠይቅም።

ገበያ በኢትዮጵያ ከሸቀጥ ያለፈ ሥራ ነበረው። ነጋሪት ተጐስሞ ዐዋጅ የሚነገረው በገበያ ነበር። የሩቅ ዘመድ ወሬ የሚሰማው፥ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ የሚገናኙት፥ የጋብቻም ነገር የሚጠነሰሰው በዚያው ነበር። ገበያውን የሚጠብቅ፥ ቀረጡን የሚቀበል፥ የነጋዶችንም ክርክር የሚያይ ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር፤ የነጋዶች ራስ ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድን ሥራ የተቀበሉት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። ስለ አገር ሀብትና ንግድ በአማርኛ ከጻፉት ቀዳሚ የሆኑት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም የድሬ ዳዋ ነጋድራስ ነበሩ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። የገበያ ሹምና የገበያ መርማሪ በአንድ ሰው ሲገናኙ ቃሉና ነገሩ አልተለያዩም ነበር። በዚህም ምክንያት የአማርኛው ገበያ፥ በሥራው ሲመዘን፥ ከሮማዊው መርካቱስ ይልቅ ለጽርዓዊው አጎራ ይቀርባል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ታላቁ ገበያዋ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በዚያ ሸቀጥም ዐዋጅም፥ ነጋዴም ዳኛም በአንድነት ነበሩ። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ግን ፈረንጁን ከአገሬው ለመለየት ባወጣው ፕላን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ስሙንም በቋንቋው «የአገሬው ገበያ» አለው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከከተማው ተባረረ፤ «የአገሬው» የሚለው የንቀት ቅጽልም ከርሱ ጋራ ጠፋ። «መርካቶ» የሚለው ግን ቀረ። ለኢጣልያኑ የማንኛውም ገበያ ስም የነበረው ቃል በአዲስ አበባ የአንድ ስፍራ ስም ሆነ። ዛሬ እህል በረንዳ፥ ሸማ ተራ፥ ምናለሽ ተራ የሚባሉት ሁሉ በውስጡ ናቸው። ገበያው የተነሣበት አራዳ ደግሞ «ፒያሳ» ተባለ፤ ፒያሳ በኢጣልያን ቋንቋ አደባባይ ነው። ይህም ቃል በሮማይስጥ በኩል ሰፊ ከሚለው የጽርዕ ቃል የወረደ ነውና በአሳብ ከግዕዙ መርሕብ ጋራ አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ቆም ብሎ ያስተውል። አጎራ በጽርዕ አደባባይም ገበያም ነበር፤ አራዳም እንዲሁ ነበር። ባዕድ መጥቶ አንዱን ለሁለት ከፈለው፤ አደባባይነቱ በፒያሳ ቀረ፥ ሸቀጡ ወደ መርካቶ ሄደ። መርሕብና ምሥያጥ ተለያዩ። የአራዳ ስም ግን ገበያውን ቢያጣም አልሞተም፤ በሰው ጠባይ ላይ ተሻገረ። ዛሬ «አራዳ» ማለት የከተማውን መላ የሚያውቅ፥ ንቁና የማይታለል ሰው ማለት ነው። በተሰሎንቄ የአጎራ ሰዎች የተባሉት ከገበያ ውለው ጠባያቸው በገበያ ስም እንደ ተጠራ፥ የአዲስ አበባም አራዳ እንዲሁ ሆነ፤ ልዩነቱ በዚያ ለነቀፋ፥ በዚህ አብዛኛውን ጊዜ ለሙገሳ መሆኑ ነው።

ሌሎች የገበያ ስሞችም ወደ አማርኛ ገብተዋል፤ ነገር ግን ሁሉ ጠበው ገቡ። በዐረብኛ «ሱቅ» ሙሉ ገበያ ነው፤ የቃሉ ጥንታዊ ዘመዶች በባቢሎናውያንና በዕብራውያን ቋንቋ መንገድ ማለት ነበሩ። በአማርኛ ግን ሱቅ አንድ ባለ መደርደሪያ ቤት ብቻ ነው። የፋርሱ «ባዛር» በአገሩ ታላቅ የገበያ ሰፈር ሳለ በአዲስ አበባ ለበዓል ሰሞን የሚዘጋጅ የጥቂት ሳምንት ሽያጭ ሆነ። መርካቶም፥ እንደ ተባለው፥ የአንድ ሰፈር ስም ሆነ። እንግዶቹ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ስፍራ ይዘው ሲቀመጡ ገበያ የሚለው የአገሩ ቃል ሰፊነቱን እንደ ያዘ ቀረ። ቺፕ በእንግሊዝ የደረሰበት ውርደት ገበያን በኢትዮጵያ አልደረሰበትም። የደረሰበት ሌላ ነገር ነው።

በእንግሊዝ አገር «ማርኬት» ከስፍራ ስምነት ወጥቶ የአሳብ ስም መሆን ከጀመረ ቈይቷል። አዳም ስሚዝ በ1776 ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ሕዝቦች ሀብት ባሳተመው መጽሐፍ የሥራ ክፍፍል በገበያ ስፋት እንደሚወሰን ሲያስረዳ፥ ገበያ ያለው አጥር ያለውን ሜዳ አይደለም፤ በማናቸውም ስፍራ ያሉትን ገዢዎች ሁሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ያለ ሜዳ፥ ያለ ዕለት፥ ያለ ፊት ለፊት መገናኘት መቆም ተማረ።

ይህ የእንግሊዝኛ ትርጓሜ ወደ አማርኛ ሲገባ አዲስ ቃል አልተፈጠረለትም፤ የቀደመው ልብስ ለአዲሱ ሰው ተሰጠ። በደርግ ዘመን ገበሬው እህሉን በተወሰነ ኮታና መንግሥት በቈረጠው ዋጋ ያስረክብ የነበረው «የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት» ለሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙ ገበያ ነበር፤ ነገር ግን ገበሬው ዋጋ አይጠራበትም፥ አልሸጥም ብሎም ሊመለስበት አይችልም ነበር። ገበያ ከስሙ በቀር ምንም ያልነበረበት ገበያ ነው። ደርግ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅ ያ ኮታ ተነሣ፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም «ነጻ ገበያ» የሚለው ቃል በዐዋጅና በጋዜጣ በዛ። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ድርጅት በእንግሊዝኛ የምርት መለዋወጫ የሚል ስም ሳለው በአማርኛ «የኢትዮጵያ ምርት ገበያ» ተባለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሻጭና የገዢ ወኪሎች በአንድ አዳራሽ ፊት ለፊት ቆመው በድምፅ ይጫረቱ ነበርና ስሙ አልራቀውም ነበር፤ ኋላ ግን ንግዱ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ዐወጀ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኩባንያ አክሲዮን የሚሸጥበት ገበያ ተከፈተ፤ በስሙ ውስጥም «ንዋይ» የሚለው የግዕዝ ቃል ገብቷል፤ በቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ሲባል የሚሰማው ያው ቃል ነው።

ይህ ሁሉ ለአገር የሚጠቅም ወይም የሚጐዳ መሆኑን መመርመር የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው። የቃልን ነገር የሚመረምር ሰው ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። በቀድሞው አማርኛ ሰው «ወደ ገበያ» ይሄድ ነበር፥ «በገበያ» ይውል ነበር፥ «ከገበያ» ይመለስ ነበር። ገበያ በአገባብ ሲነገር የሰው መድረሻና መዋያ ነበር እንጂ የነገሩ ባለቤት አልነበረም። ባለቤት ሆኖ ሲነገርም ገበያ ቆመ፥ ደራ፥ ቀዘቀዘ፥ ተፈታ ይባል ነበር፤ እነዚህ ማሰሪያ አንቀጾች ሁሉ የሰውን መሰብሰብና መበተን የሚናገሩ ናቸው። በአዲሱ አነጋገር ግን ገበያ ይወስናል፥ ይፈቅዳል፥ ይቀጣል፥ ይጠይቃል። በሰዋስው ባለቤት የሚባለው የአንቀጹ ጌታ ነው፤ በቤትም ባለቤት የሚባለው የቤቱ ጌታ ነው። እንግዲህ ገበያ በሁለቱም መንገድ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ሰው ወደ ገበያ መሄዱ ቀርቶ ገበያ ወደ ሰው ቤት መጣ፤ የሽንኩርቱን ዋጋ ጨመረ፥ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ፤ የት እንዳለ ቢጠየቅ ግን ስፍራ የለውም፥ ዕለት የለውም፥ ነጋድራስም የለውም።

ባለቤት የሌለው ሥራ የለም። «ገበያው ዋጋውን ጨመረ» በተባለ ጊዜ ዋጋውን የጨመረ ሰው አለ፥ ያከማቸ ሰው አለ፥ እህሉ በዝናም እጦት ያነሰበት ገበሬም አለ፤ አንዱ በደለኛ፥ አንዱ ንጹሕ ነው። ቃሉ ግን ሁሉን በአንድ ካባ ይሸፍናቸዋል። ግርግር ለሌባ ይመቻል እንደሚባለው፥ ከሰው የተለየ ቃልም ለበደለኛ ይመቻል። በቀድሞው ገበያ በሐሰት ሚዛን የሸጠ ሰው በስሙ ተጠርቶ በነጋድራሱ ፊት ይቆም ነበር፤ «ገበያው ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም ነበር።

ስለዚህ ተርጓሚ የሆነ ሁሉ፥ ጋዜጠኛም ቢሆን የመንግሥት ጸሐፊም ቢሆን ሰባኪም ቢሆን፥ «ማርኬት» የሚለውን ቃል ባገኘ ጊዜ ወዲያው ገበያ ብሎ ከመጻፉ በፊት ቢመረምር መልካም ነው። ስፍራውን ማለት ከሆነ ገበያ ይበል። ገዢዎችን ማለት ከሆነ ገዢዎች ይበል። ሽያጭና ግዢን ማለት ከሆነ ግብይት የሚል ያማረ ቃል አለ። የዋጋ መውጣትና መውረድ ማለት ከሆነም ዋጋው በሻጮችና በገዢዎች ብዛት ተወሰነ ብሎ ሰዎቹን ቢጠራ ቃሉ ይረዝማል፥ እውነቱ ግን ይገለጣል። እንግሊዞቹ የ1611 ተርጓሚዎች አጎራን እንደየስፍራው በልዩ ልዩ ቃል እንደ ተረጐሙት፥ አማርኛም የእንግሊዞቹን ቃል እንደየስፍራው ሊለያየው ይችላል፤ ቃል አላነሰውምና።

አማርኛ ከገበያ ስም አንድ ሌላ ግሥም አውጥቷል፤ «ገበየ» ይላል። እህል ገበየ ይባላል፥ ዕውቀት ገበየም ይባላል። ተማሪ በየሊቃውንቱ ደጅ ሲዞር ዕውቀት ገበየ የተባለው፥ ገበያ ማለት ሰው ከሰው የሚገናኝበት፥ አንዱ ያለውን ለሌላው የሚሰጥበት ስፍራ መሆኑን ሕዝቡ ስላወቀ ነው። ከኮምፒዩተርና ከባንክ የወጣው አዲሱ ገበያ ይህን ግሥ ገና አልወሰደውም።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችና ከሱሉልታ በኩል የሚመጣ መንገደኛ በጉለሌው አዲሱ ገበያ ሲያልፉ ሰፈሩ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። ስሙ አርጅቷል፤ ነገር ግን የሚጠራው ስፍራ ይታያል፥ ይረገጣል፥ የሚሸጠውም ሰው በስሙ ይታወቃል። በራዲዮ የሚሰማው ሌላው አዲስ ገበያም ይህን ስም ከተዋሰ ዘንድ፥ የስሙን ዕዳ አብሮ ሊቀበል ይገባዋል፤ ይኸውም ውሳኔው የማን እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ የሰው ስም መጥራት ነው።